ከቆዳው ሥር የቀረው አረር

የሱፍ ሀርጌሳ ውስጥ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ በአንዲት የሥጋ መሸጫ ሥጋ ቆራጭ ነው። ሱቋ የዴቆ ናት፤ ዴቆ ወደ ስድሳ የሚጠጋት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግዱን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት። የሱፍ በቀን ስድስት ሰባት ፍየል፣ አንዳንዴም የግመል ጭን ይበልታል። አጥንት አይሰብርም። መገጣጠሚያውን በጣቱ ዳብሶ ያገኝና በቢላው ጫፍ ያላቅቀዋል። ደንበኞች «ሐበሻው ይቁረጥልኝ» ብለው ወረፋ የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

እጁ እንዲህ የተፍታታው ግን በፍየል አይደለም። አርሲ ተራሮች ላይ ለአሥራ አራት ዓመት የአንድ አደን ድርጅት ቆዳ ገፋፊ ነበር። ፈቃድ የወሰዱ የውጭ አገር ሰዎች የደጋ አጋዘንና ድኩላ ሊመቱ ይመጣሉ፤ ቀንዱንና ቆዳውንም ለመታሰቢያ ይወስዳሉ። አዳኙ የሚያየው አውሬው ሲወድቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ጥይቱ በየት ገብቶ ምን አፍርሶ በየት እንደወጣ፣ የሚያየው ቆዳ ገፋፊው ነው። የሱፍ ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም፤ ስለ ጥይት ግን ከብዙ ተኳሽ ይበልጥ ያውቅ ነበር።

ሰዎቹ ጠመንጃና ጥይት በየዓይነቱ ይዘው ይመጣሉ። ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለው የተለመደው ነበር፤ በልክ ርቀት ከተተኮሰ አጋዘን ይጥላል፣ ሥጋም ብዙ አያበላሽም። ሦስት መቶ ማግነም ከዚያ ይፈጥናል። ሩቅ ላለ አውሬ ጥሩ ነው፤ ቅርብ ላለው ግን ፍጥነቱ ራሱ ችግር ይሆናል። አረሩ፣ ማለትም ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ፣ ሽፋኑ ስስ ከሆነ ገና የትከሻውን አጥንት ሲነካ ይፈራርስና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይቀራል። ትከሻው ደም የቋጠረ ገንፎ ይሆናል፣ ሳንባው ግን ደህና ነው። ሦስት ሰባ አምስት የሚሉት ወፍራሙና ዘገምተኛው፣ ሰዎች ለትልቅ አውሬ ብቻ ነው ቢሉትም፣ የሱፍ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ነበር፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ከቀዳዳው አጠገብ ያለውን ሥጋ እንኳ መብላት ይቻላል።

ከጠመንጃው ይልቅ የሚለየው አረሩ እንደሆነ የገባው በአራተኛው ዓመት ነው። አንድ ሰው በስልሳ እርምጃ ላይ ያለ ትልቅ ወንድ አጋዘን በዚያው ፈጣን ጥይት ትከሻውን መታው። አጋዘኑ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደ ጥሻው ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ ደሙን ተከትለው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ማብቂያ ላይ ሰውየው ደክሞት ይቅር ቢልም የአደን መሪያቸው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ያቆሰሉትን ትቶ መመለስ የለም። በሁለተኛው ቀን ሲያገኙት አጋዘኑ በሦስት እግሩ ቆሞ ነበር። የሱፍ ቆዳውን ሲገፍ ከትከሻው ውስጥ የጥፍር ስባሪ የሚያካክሉ የእርሳስ ቁርጥራጮች ለቀመ። ከዚያ በኋላ ካምፑ ውስጥ አዳኝ በመጣ ቁጥር በመሪው በኩል የአረሩን ዓይነት ያስጠይቅ ጀመር።

ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራ አጣ። ሚስቱ ሀሲና፣ ሀርጌሳ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ወንድም ስለነበራት በጅግጅጋ በኩል መጡ። ይኸው ሰባት ዓመታቸው ነው። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተዋል፤ እሷ ከወንድሟ ጋር ትሰፋለች፣ እሱ ሥጋ ይቆርጣል። ኑሮው ክፉ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ የሚያውቀውን ሲያወራ የሚሰማው ሰው አልነበረም።

ያን ሰው በፉዓድ አገኘው። ፉዓድ የዴቆ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቤተሰቡ በተሰደደበት ዘመን ጅግጅጋ ስላደገ አማርኛው የተጣራ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻና ፍየሎች አሉት፣ ፈቃድ ያለው ሦስት ዜሮ ስምንት ጠመንጃም አለው። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሱቋ ይመጣና የሱፍ ያዘዘውን የፍየል ጉበት እስኪያወጣለት ድረስ ስለ ጠመንጃ ያወራሉ። የሱፍ ቢላውን እየሳለ ስለ አጋዘኖቹ ይነግረዋል። ዴቆ የሚያወሩት ስላልገባት ሁለቱም ሥራ ፈቶች ናቸው ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ ፉዓድ ተናዶ መጣ። ጅብ ፍየሎቹን እየጨረሰበት ነው። አንዱን መትቶት እንደነበር፣ ነገር ግን በሳምንቱ እያነከሰ ተመልሶ መምጣቱን ነገረው። የሱፍ የምትተኩሰው የቱን ነው ብሎ ጠየቀው። ፉዓድ ከኪሱ አንድ ጥይት አውጥቶ አሳየው፤ አረሩ እስከ ጫፉ በመዳብ የተሸፈነ፣ ለወታደር የተሠራ ነበር።

የሱፍ ይህ ሥጋ ውስጥ እንደ ወስፌ አልፎ እንደሚሄድ፣ ልብ ወይም አከርካሪ ካላገኘ አውሬው ይዞት እንደሚሮጥና ሩቅ ሄዶ እንደሚሞት፣ አለዚያም ቁስሉ እንደሚድንለት አስረዳው። ጫፉ ላይ እርሳሱ ገለጥ ያለው፣ ለስላሳ ጫፍ የሚባለው ግን ሥጋ ሲነካ ተከፍቶ እጥፍ እንደሚሰፋ፣ ቀዳዳው እንደሚገድልና ጅቡም እዚያው እንደሚቀር ነገረው። ከበድ ያለ አረር እንዲፈልግም መከረው። ፉዓድ ከወር በኋላ አንድ ፓኬት አስመጥቶ ሊያሳየው ይዞ መጣ። የሱፍ አንዱን በእጁ ላይ አገላብጦ አየውና ይሄ ነው አለው። ደስም ብሎት ነበር።

ሌላዋ የሱቋ ደንበኛ ዶክተር ኢፍቲን ናት። ከሕገወጥ ነጋዴዎች የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች የሚያድጉበት ግቢ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ናት። ትምህርቷን ኢትዮጵያ ስለተማረች ከየሱፍ ጋር በአማርኛ ነው የምትነጋገረው። በሳምንት ሁለቴ ለግልገሎቹ ቁርጥራጭ ሥጋ ትወስዳለች።

ባለፈው ዓመት በጅላል፣ በደረቁ ወራት፣ አንድ ቀን ጠዋት ሥጋ ሳትወስድ እሱን ራሱን ልትወስደው መጣች። የዱር እንስሳት ጠባቂዎች አቦኮር የሚባል አርብቶ አደር፣ ሶማሌዎች ዴሮ የሚሏትን ሚዳቋ ተሸክሞ፣ ክላሹን አንግቶ ሲሄድ ይዘውታል። ሚዳቋ መግደል ክልክል ነው። አቦኮር እኔ አልተኮስኩም ይላል፤ ሦስት ተኩስ ከሩቅ መስማቱን፣ ከዚያ ሚዳቋዋን ወድቃ ስታጣጥር ማግኘቱን፣ ሳትሞት ቢስሚላህ ብሎ ማረዱን ይናገራል። ማንም አላመነውም። ሚዳቋዋ ከነቆዳዋ ግቢው ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት፤ ኢፍቲን የሐኪም ሪፖርት መጻፍ አለባት።

«እኔ በሽታ እንጂ ጥይት አልተማርኩም፤ ጋሽ የሱፍ፣ አንዴ ይዩልኝ» አለችው።

ሚዳቋዋን ግቢው ውስጥ የብረት ጠረጴዛ ላይ አጋደሟት። የሱፍ ቢላ አላነሣም። መጀመሪያ በጣቶቹ ቆዳዋን ከኋላ ወደ ፊት ዳበሳት። ከግራ ጎድኖቿ መጨረሻ ኋላ ትንሿ ጣት የምታልፍበት ቀዳዳ አለ። ገለበጣት፤ በሌላው በኩል መውጫ የለም።

«ክላሽ ቢሆን መውጫ ነበራት» አለ። «ይህችን የምታህል ቀጭን ገላ አልፎ ይሄዳል።»

ከዚያ በቀኝ ትከሻዋ ፊት አውራ ጣቱን ጫን አደረገ። ከቆዳው ሥር ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር ነበረች። ቆዳውን ሰንጥቆ አወጣት። ከዚያም ሚዳቋዋን ከፈታትና ኢፍቲን ጥይቱ የሄደበትን መንገድ እንድታይ አደረገ፤ ከኋላ በግራ ገብቶ ሰውነቷን በሰያፍ አቋርጧል፣ አንዱ ሳንባ የለም፣ የቀኝ ትከሻዋ አጥንት ተሰባብሯል፣ የእርሳስ ብናኝ በመንገዱ ሁሉ ተረጭቷል።

አረሩን አጥበው ሳህን ላይ አስቀመጡት። ፊቱ ወደ ኋላ ተገልብጦ ተከፍቷል፤ መቀመጫው ግን ድፍንና ለስላሳ መዳብ ነው። የሱፍ፣ ይህ የወታደር አረር ተቃራኒ እንደሆነ ነገራት፤ የዚያ ጫፉ ድፍን ነው፣ እርሳሱ የሚታየው ከመቀመጫው በኩል ነው። ይህ የአዳኝ ጥይት ነው። ኢፍቲን እንደ ሐኪም በአንድ ነገር ብቻ አልረካችም። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት ነቅላ አስጠጋችው፤ አረሩ አልተነቃነቀም። ከአንዱ ጠባቂ የክላሽ ጥይት ተቀብላ ሞከረች፤ እሱ ውስጡ ብረት ስላለው ተጣበቀ።

«እንዲህ ያለ ጥይት ያለው ሰው ያውቃሉ?» አለችው።

የሱፍ ሀርጌሳ ውስጥ ስንት ሰው እንዲህ ያለ ጥይት እንዳለው አያውቅም ነበር። አንድ ሰው ግን ያውቃል። «ነገ ልንገርሽ» አላት። ኢፍቲን ትንሽ አየችውና እሺ አለች።

ቤቱ ሲገባ ለሀሲና ነገራት። ፉዓድ ሐሙስ ወደ ሱቅ ሲመጣ ቀስ ብሎ ሊያነጋግረው እንዳሰበ፣ ዴቆ እህቱ ስለሆነች ነገሩ ሥራውንም እንደሚነካ አስረዳት። ሀሲና ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«ሐሙስ ሦስት ቀን ነው። ሰውየው ታስሮ አንተ ቀን ትመርጣለህ?» አለችው።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በባጃጅ እስከ ከተማው ዳር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ፉዓድ እርሻ ሄደ። ፉዓድ ውኃ ማጠራቀሚያውን እያሞላ ነበር። በደስታ ተቀበለው፤ ሻይ አስቀረበለት። የሱፍ አረሩ ሚዳቋ ውስጥ መገኘቱን ሲነግረው ፉዓድ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አልካደም። እንግዶች መጥተውበት እንደነበር፣ አዲሱን ጥይት ሊያሳያቸው ሦስት መቶ ሜትር ላይ ወደነበረው የሚዳቋ መንጋ ሦስት ጊዜ መተኮሱን ተናገረ። ሲወድቅ ያየው ስላልነበረ የሳተ መስሎት ወደ ቤቱ ገብቷል።

«ሄደህ አላየህም?» አለ የሱፍ።

«ፀሐይ ነበር፣ እንግዶች ነበሩ። ደግሞስ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?» አለው።

«እኔ ነኝ። ለጅቡ ነበር የነገርኩህ። ስለ ጥይቱ ነገርኩህ፣ ካቆሰልክ ተከትለህ እንድትጨርስ ግን አልነገርኩህም። እሱን መጀመሪያ መንገር ነበረብኝ።»

ፉዓድ፣ ዴቆ እህቴ መሆኗን አትርሳ አለው። የሱፍ እንዳልረሳ መለሰለት። ሚዳቋዋን ይዞ የተገኘው አርብቶ አደር ያለ ጥፋቱ ታስሯልና ከዙህር ሶላት በፊት አንተ ራስህ ሄደህ ብትናገር ይሻልሃል፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ ብሎት ተነሣ። ሻዩን አልጨረሰም።

ዙህር ደረሰ፤ ፉዓድ አልመጣም። የሱፍ ኢፍቲን ቢሮ ገብቶ የሚያውቀውን ሁሉ፣ ምክሩ የራሱ መሆኑን ጭምር፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረና ፈረመ። ጠባቂዎቹ እርሻው ሲደርሱ ፓኬቱ ውስጥ ሦስት ጥይት ጎድሎ አገኙ። አቦኮር በዚያው ቀን ተፈታ። ፉዓድ ተቀጣ፣ ጠመንጃውም ተወሰደ።

ዴቆ አልጮኸችም። የሱፍ ለጥቂት ቀን ቤቱ እንዲቀመጥ ብቻ ነገረችው፤ ጥቂት ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ሀሲና ሌላ ሥራ ይገኛል አለችው። እሱን ግን ያስጨነቀው ሥራው ብቻ አልነበረም። ተኩሱ ሦስት ነው፤ አንዷ ሚዳቋ ተገኝታለች። የቀሩት ሁለቱ ጥይቶች የት ሄዱ?

አቦኮርን ፈልጎ አገኘውና ሌላ ደም አይቶ እንደሆነ ጠየቀው። አቦኮር አይቷል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድንጋያማው ሸለቆ የሚወስድ ነበር። አሁን ግን ቀናት አልፈዋል፣ ጅብ አይምራትም አለው። የሱፍ ቢሆንም እንሂድ አለ። አቦኮር ይህን የመሰለ ሰው አላየሁም ብሎ ሳቀና መንገድ መራው።

ደሙ ደርቆ ጠፍቷል፤ አቦኮር ግን ቆስሎ የደከመ እንስሳ ጥላ ፍለጋ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ አንድ ግራር ሥር አገኟት። ቀንዶቿና የራስ ቅሏ፣ እንዲሁም አንድ ክንድ የሚያህል የሽንጥ ቆዳ ነበር የቀረው። የሱፍ ቆዳውን አነሣ። ቀዳዳው ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ደርቆበታል፤ የጨጓራ ሣር ነው። ጥይቱ ሆዷን ነው የመታት። ሆድ ከተመታ የትኛውም ጥይት ቶሎ አይገድልም፤ ይህን መንገድ ሁሉ በእግሯ መጥታለች።

ለአቦኮር እንዲህ መሆኑን ነገረው። አቦኮር፣ ሞት ሲሰማ እንደሚባለው፣ «ኢንና ሊላሂ» አለ። ቀንዶቹን ትተው ቆዳው ላይ ድንጋይ ጫኑና ተመለሱ። ሦስተኛው ጥይት አፈር ገብቶ ይሁን ሌላ ሚዳቋ ውስጥ አላወቁም።

በአምስተኛው ቀን ዴቆ ሰው ላከችበት። በእሱ ቦታ የቀጠረችው ሰው አጥንቱን በመጥረቢያ እየፈለጠ ደንበኞች ሩዛቸው ውስጥ ስንጥር እያገኙ መጥተው ይጮኹባት ነበር። የሱፍ ተመልሶ ሽርጡን አሰረ። ዴቆ ለሳምንታት ከሥራ በቀር አላነጋገረችውም። ኢፍቲን በበኩሏ ጠባቂዎቹን ቁስል መለየት እንዲያስተምርላት ጠየቀችው፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግቢዋ እየሄደ በፍየል ትከሻ ላይ ያሳያቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ከጠባቂዎቹ አንዱ ከሁሉ የሚሻለው ጥይት የቱ ነው ብሎ ጠየቀው። የሱፍ ርቀቱንና እንስሳውን ሳያውቅ ሊመልስለት እንደማይችል ነግሮት ወደ ፍየሉ ትከሻ ተመለሰ።

ፉዓድ ሁለት ወር ያህል ሱቅ አልመጣም። ሲመጣም ሐሙስ አልነበረም። ወረፋውን ጠብቆ ጉበት አዘዘ፤ በሶማሊኛ። የሱፍ ጉበቱን አውጥቶ ሐሞቱን ለየና ጠቀለለለት። ፉዓድ ተቀብሎ ሊወጣ ካለ በኋላ ቆመ።

«ሌላ የቆሰለች ነበረች?» አለው፣ በአማርኛ።

«ነበረች። እኔና አቦኮር አገኘናት።»

«ሩቅ ሄዳለች?»

«ሁለት ሰዓት መንገድ።»

ፉዓድ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላው ያለችው ሴት መቆየቷን እያሳየች ቅርጫቷን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ፉዓድ ይቅርታ ብሏት ጥቅሉን በብብቱ ያዘና ወጣ፤ የሱፍም ሴትዮዋን ከየትኛው ልቁረጥልሽ ብሎ ጠየቃት።