የእናቴ ፎቶ መኪናዬ ስክሪን ላይ

«እስቲ መኪናውን አጥፍተህ እንደገና አስነሳው» አለኝ አባቴ አሁን፣ እዚህ ጅግጅጋ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ ሐዘኑ እንዳያገረሽበት ብለን ፎቶዋን ከሳሎን አንስተናል። መኪናዬ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ብቅ የምትለውን ግን ረሳናት። በሕይወት ሳለች እኔው ነኝ ያስጫንኳት።

ጠዋት ላጠፋት ብል ሁሉም ነገር በቻይንኛ ነው። የጫነልኝ ባለሙያ ወደ አይሻ ከተማ ሄዷል፣ ስልኩ አይሠራም። ስነካካው ጭራሽ ፎቶውን አተለቅኩት!

አባዬ ገብቶ አያትና ቀበቶውን አሰረ።

እንዳለኝ አጥፍቼ አስነሳሁ። «እንደምን አደርሽ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ድገመው» አለኝ።

እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ትጥፋ ወይስ ትቆይ? ቅዳሴው ተጀምሯል፤ አባዬ ከመኪናው አልወርድም ብሏል።