ካርቶኑ ሳይከፈት የጮኸው ደወል

አክስት ይበሏት እንጂ የእህቷን ልጅ ያሳደገቻትስ እሷው ናት። የዓይን ግፊት አለባት። ጠዋትና ማታ ጠብታ ካላደረገች ብርሃኗ ቀስ በቀስ ይሄዳል፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም ብሎ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል። ጠብታው እንደ ልብ አይገኝም። ጥቂት ካርቶን ይመጣል፣ የሰማ ይሻማዋል፣ ያልሰማ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለዚህ ነገር መላ ልፈልግ ብላ የተነሳችው የእህቷ ልጅ ናት። የድረ ገጽ ሠራተኛ ናት፤ ጠብታውን የሚሸጠው ፋርማሲስት "ባለደወሏ" ይላታል። የመድኃኒት ቤቱን ድረ ገጽ የሠራችለት እሷ፣ ለደንበኞች ስልክ መልእክት የሚልከውን ፕላጊን የሚባል ተቀጥላ ፕሮግራም የጫነችለትም እሷ። ፕላጊኑ ግን የሚያውቀው አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ፣ ትእዛዝ ሲገባ ወይ አስተያየት ሲጻፍ መጮህ ብቻ ነው። "መድኃኒቱ መጣ" የሚባል ነገር ከየት ያውቃል! ስለዚህ ደወሉን የሚቀሰቅሰውን ኮድ ራሷ ጻፈችለት፦ የጠብታው ብዛት ከዜሮ ከፍ ሲል፣ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት ይሂድ። ሞከረችው፤ ሠራ። ልብ ልብ አላት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ፋርማሲስቱ ለካ ጭንቀታም ሰው ነው። አስመጪው በስልክ "ተጭኗል" ካለው፣ ዕቃው ገና መንገድ ላይ እያለ ድረ ገጹ ላይ ቁጥሩን ይሞላዋል፤ እንዳይረሳ ነው አሉ። ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ሰው ጎረፈ። መደርደሪያው ባዶ! ከጎረፉት መሃል አክስትየዋም ነበረች፤ ሁለት ታክሲ ቀያይራ፣ ግድግዳ እየተደገፈች።

"በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አለቻት ማታውኑ። "ሁለተኛ በደወልሽ ከቤቴ ብወጣ ምን አለች በይኝ።"

"አክስቴ፣ ለፋርማሲስቱ ነግሬ አንድ ላስቀምጥልሽ…"

"ከሰው ቀምተሽ? እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ?"

የጠርሙሱ ጠብታ ታች ወርዷል፤ ሴትየዋ ደግሞ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖባታል። መድኃኒቱ የእውነት መጥቶ ደወሉ ቢጮህስ፣ እሷ ካልወጣች ምን ዋጋ አለው?

ባለደወሏ በማግስቱ ኮምፒውተሯን አንጠልጥላ መድኃኒት ቤቱ ገብታ ቁጭ አለች። ያየችው ግን ኮዱን ሳይሆን ሰውየውን ነው። የሳል ሽሮፕ መጣለት። ካርቶኑን ቀደደ፣ አንዱን መዘዘ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መድኃኒቱ የሚያበቃበትን ቀን አነበበ። ከዚያ ቀኑን በስልኩ ፎቶ አነሳና ድረ ገጹ ላይ ለጠፈው። ያ ወፍራም አውራ ጣቱም አብሮ ፎቶው ውስጥ ገብቷል።

"ጋሼ፣ ይሄን ፎቶ ዕቃው ሳይደርስ ለጥፈው ያውቃሉ?"

"ምን ነካሽ? ያልጨበጥኩትን ምኑን አነሳዋለሁ?"

"እሰይ!" ብላ ስትነሳ ሽሮፑን ልታስደፋው ነበር።

ደወሉን ከቁጥሩ ፈታ ከፎቶው ጋር አሰረችው። ቁጥሩ ያሻውን ይበል፤ የጠብታው አዲስ ፎቶ ካልተለጠፈ ጭጭ! ዕቃው ሲያልቅ የድሮው ፎቶ በራሱ እንዲሰረዝ አደረገች። ፎቶውም ከመልእክቱ ጋር ይሂድ፣ ሰው አይቶ ይውጣ አለች።

ከዚያ በኋላ ደወሉ ዝም አለ። ፋርማሲስቱ እንደ ልማዱ ቁጥሩን ቀድሞ ሞላ፤ ደወሉ አሁንም ዝም። እሷ በየቀኑ ስልኳን ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሌላ ደንበኛ ቢሮ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ፦ ጠብታው መጥቷል፤ ፎቶውም አለ። ለአክስቷ ደወለች፤ አታነሳም። ደግማ ደወለች፤ አታነሳም። ሥራዋን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች። ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤት ጠየቀች፤ ያየ የለም።

"ወይኔ ጉዴ! የት ወድቃ ይሆን?" በሩጫ መድኃኒት ቤት ደረሰች፤ ሌላው ቢቀር ተራ ልያዝላት ብላ። ሰልፉ በሩ ድረስ ወጥቷል። እየተጋፋች ስትገባ አክስትየዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። የመድኃኒቱ ከረጢት ጭኗ ላይ ነው።

"አክስቴ! ስልክሽን ለምን አታነሽም?"

"ዝም በይ፣ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ አለ።"

"እዚሁ አደረግሽው? ቤት አይደርስም ነበር?"

"ከትናንት ጀምሮ አልቆብኝ ነበር።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ነግሬሽ ልትቀሚልኝ?"

ባለደወሏ አጠገቧ ዝርግፍ አለች። እፎይ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ነፍሷ መለስ ሲል ነገር መፈለግ አማራት።

"በደወልሽ ከቤቴ አልወጣም ያለችኝ ማን ነበረች?"

"በደወልሽ መች ወጣሁ!" አለች አክስትየዋ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ፎቶውን አጉልቼ አጉልቼ አየሁት። የዚያ ፈሪ ፋርማሲስት አውራ ጣት አለበት። ልጄ፣ እኔ በዓይኔ አይቼ ነው የወጣሁት።"

ባለደወሏ የአክስቷን እጅ ይዛ ጠብታው እስኪሰርግ ጠበቀች።