ያንቺን አባት አልጠሩም

ባለፈው ሳምንት ጭልጋ የቀበርናቸው፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ አጎቴ «አባትሽን ካልጠሩ አልጠሩሽም» ይሉኝ ነበር። እኔ አያ እላቸዋለሁ።

አባቴ ቅማንት ነው፤ ስሙም የቅማንት ስም ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ትምህርት ቤት ስገባ፣ የመዘገቡኝ መምህር «ይሄ ለከተማ አይሆንም» ብለው ሸጋ ያሉትን ስም ተኩበት።

የትምህርት ቤቱ የሽልማት ቀን አያ ጋቢያቸውን ደርበው ከጎኔ ተቀመጡ። ዲሬክተሩ አንደኛ የወጣችውን ጠሩ። ስሜ የኔ ነው፤ የአባቴ ግን የሌላ ሰው። ልነሳ ስል አያ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ያንቺን አባት አልጠሩም። ቁጭ በይ!»

ዲሬክተሩ ደገሙ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከኋላችን አንዱ፣ ቅማንትን ሲሰድቡ እንደሚሉት፣ «የእንጨት ሻጭ ልጅ እኮ ናት» አለ። ሽልማቱ ለሁለተኛው ሊሰጥብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ምነው አትነሳም?» አሉ ዲሬክተሩ።

አያ ክንዴን እንደያዙ ተነሱ። «አባቷን ይጥሩልኝና ትነሳለች» ብለው የወንድማቸውን ስም ጮክ አድርገው ተናገሩ።

ዲሬክተሩ አያን ትክ ብለው አዩአቸው። በመጨረሻ፣ አፋቸው እየተደናቀፈ፣ የአባቴን ስም ጠሩ። አያ ያን ጊዜ ለቀቁኝ።

ዛሬም ስሜ ሲጠራ ቶሎ አልነሳም። ክንዴን እስኪለቁኝ እጠብቃለሁ።