ላልተሮጠ ሩጫ የቀረበ ወተት

ኪፕታላም አራፕ ማዮ ኬንያ ውስጥ ከካፕሳቤት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የወህኒ እርሻ ዘበኛ ነበር። ቀን እስረኞች በቆሎ ሲኮተኩቱ ይጠብቃል፤ ከሥራ ሲወጣ እርሻውን በሩጫ ይዞራል። ሩጫው ሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል ነው። እስረኞቹ አለቃ ለማለት አፋንዴ እያሉ ይቀልዱበታል። «አፋንዴ፣ እንዲህ ያለ እግር ቢኖረን እኛ ዞረን እዚሁ አንመጣም ነበር» ይሉታል።

በፈረንጆቹ 1976 ለሞንትሪያል ኦሎምፒክ ተመረጠ። ሠላሳን ተሻግሯል፤ ግራ ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። ለሚቀጥለው ኦሎምፒክ የሚደርስ እግር እንደማይኖረው ያውቅ ነበር። የቀረችው ይህች አንድ ሩጫ ናት።

ሚስቱ ጄሮቲች ለመመለሻው ቅል አጠነች። በእኛ ዘንድ ሯጭ ሲመለስ በከሰል በታጠነ ቅል የረጋ ወተት፣ ሙርሲክ፣ ይጠጣል። ያልሮጠ አይጠጣም። ይህን ሕፃንም ያውቃል።

ሐምሌ ክፉ ወር ነበር። በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ላይ የተገደሉት ጥቁር ተማሪዎች ወሬ ገና አልበረደም። የእስራኤል ወታደሮች ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ወርደው ታጋቾቻቸውን አወጡ፤ አውሮፕላኖቹ ናይሮቢ ነዳጅ ቀድተዋል ተባለና በኡጋንዳ የሚኖር ኬንያዊ ሁሉ ጠላት ሆነ። ከመንደራችን እዚያ ሲሠሩ ከነበሩት ገሚሶቹ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ገቡ። ገሚሶቹ አልገቡም።

ኒውዚላንድ ደግሞ የራግቢ ቡድኗን ጥቁርን ወደምትረግጠው ደቡብ አፍሪካ ላከች። የአፍሪካ አገሮች እሷ ከኦሎምፒኩ ካልተባረረች አንወዳደርም አሉ። ኪፕታላም ተመለስ የተባለው ሞንትሪያል ከደረሰ በኋላ፣ ልምምድ ሜዳው ላይ ሯጮች የሚዘሉትን የውሃ ጉድጓድ በእግሩ ሲለካ ነው። ጫማውን ፈትቶ አወለቀ። ምክንያቱን ግን አልጠላውም። ለተገደሉት ልጆች ከሆነ ይሁን አለ።

የጠላው ሳንግን ነው። ሳንግ የወረዳው የስፖርት ሹም ነበር፤ ቡድኑን አጅቦ ሄዷል። ሯጮቹ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲተኙ እሱ ከሱቅ ሱቅ ዞረ። ሊመለሱ ሲሉ ሻንጣው አልዘጋ አለው። የኪፕታላምን ቦርሳ ከፈተና ባለ ሚስማር ጫማውን አውጥቶ በቦታው የገዛቸውን ዊጎች ጠቀጠቀበት።

«ጫማው ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል? በእጅህ ያዘው» አለው።

ኪፕታላም የሴት ፀጉር ተሸክሞ፣ ጫማውን በክሩ አንጠልጥሎ አገሩ ገባ። የሳንግ ግዢ ወሬም አብሮት ገባ።

በወሩ መጨረሻ ሳንግ በገበያው ሜዳ አቀባበል አዘጋጀ፤ ፎቶ አንሺም አስመጣ። ቀደም ብሎ ወህኒ ቤቱ ድረስ ሄዶ ኪፕታላም በሕዝብ ፊት ሙርሲክ እንደሚጠጣ፣ ከጠጣም የአሥር አለቃነት ማዕረግ እንደማይቀርበት ነግሮታል። ጄሮቲችንም ቅሉን እንድታመጣ አዘዘ። የሹም ትእዛዝ ነውና አመጣች።

ሳንግ መድረክ ላይ ወጥቶ ወሩን ዘረዘረ። ፈረንጅ ማርስ ላይ ብረት አሳረፈ፤ ቻይና ውስጥ ምድር ተናውጣ ከተማ ከነሰዉ ዋጠች፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እኔና ይህ ልጅ ሞንትሪያል ላይ የሠራነው ነው አለ። የቻይናን ሙታን ሲጠራ እንኳ ፈገግታው ከፊቱ አልወረደም። ከዚያ ቅሉን አነሣና ለኪፕታላም ዘረጋለት።

«እኔ አልሮጥኩም» አለ ኪፕታላም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሳንግ ጥርሱን ሳይከድን «ጠጣ እንጂ አንተ። ፎቶ አንሺውን አታቁመው። ማዕረጉን አስብ» አለው።

«የቀረሁት ለሞቱ ልጆች ብዬ ነው። በሰው ሞት የድል ወተት አይጠጣም። እርስዎ ከጠማዎት ይጠጡ።»

ብሎ ከመድረኩ ወረደ።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኖ ቆሟል። ሳንግ ወዲያ ወዲህ አየና ቅሉን ራሱ አንሥቶ ጠጣ። አመድማ ወተት በአገጩ ወርዶ ክራቫቱ ላይ ተንጠባጠበ። ከፊት የተቀመጠችው አሮጊቷ ታፕኪጌን «ይሄኛው ደግሞ የት ሮጦ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሱቅ ውስጥ» አላት አንዱ። ሳቅ ሆነ። የሚያጨበጭበው ግን ከሚስቀው ይበዛ ነበር፤ ከሳቁትም መልሰው ያጨበጨቡ አሉ።

ጄሮቲች መድረኩ ላይ ወጣች። ቅሉን ከሳንግ እጅ ነጥቃ ከመድረኩ ድንጋይ ጋር አላተመችው። የተረፈው ወተት ሱሪው ላይ ተረጨ። ሳንግ በመሐረብ ጠራረገና ንግግሩን ቀጠለ።

ማዕረጉ ለሌላ ዘበኛ ተሰጠ። ኪፕታላምም ከዚያ ወዲህ አልሮጠም።

ያን ቀን በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ወንዙን ሲሻገሩ ኪፕታላም፣ ቅሉ አዲስ እንደነበር፣ ባይሰበር ታጥቦና ዳግም ታጥኖ ይሠራ እንደነበር ነገራት።

«የሰውዬው ሽታ አይለቅም» አለችው።