ማንም የማይከፍተው ሎግ

ዶክትሬቴን ይዤ የተቀጠርሁበት የሕክምና ላቦራቶሪ ከመገናኛ ወደ ወሰን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጋራዦች መካከል ነበር። ክሊኒኮች የደም ናሙና በሞተር ሳይክል ይልኩልናል፤ ውጤቱን እኛ በኮምፒውተር መስመር እንመልስላቸዋለን። መስመሩ ግን ብዙ ጊዜ ይቋረጥ ስለነበር ውጤቶቹን በወረፋ ይዞ መስመሩ እስኪመለስ የሚጠብቅ ሰርቨር ነበረን። ኃላፊው እኔ ነበርሁ። መጠበቅ ከሚያውቅ ነገር ጋር መሥራት አይከብደኝም።

ሰርቨሩ ወደ ወረፋው የገባውንና የወጣውን ሁሉ ሎግ በሚባል ፋይል ይጽፋል። አጻጻፉ ሁለት ዓይነት ነው። ክቡ ሎግ የተመደበለትን ቦታ ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩን ያስነሣል፤ ዲስክ ከተበላሸ ግን አያድንም። ቀጥተኛው ምንም አይደመስስም፤ አዲስ ፋይል እየከፈተ ይቀጥላል፤ የተበላሸ ወረፋም ከእርሱ እንደገና ይሠራል። ሆኖም በየሳምንቱ የወረፋውን ሙሉ ቅጂ አንሥቶ ከዚያ በፊት የተጻፉትን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ የሚያዛውር ሰው ይፈልጋል። አለዚያ ዲስኩ ይሞላል፤ ሰርቨሩም ይቆማል።

ሥራ አስኪያጁ «ሰው የማይፈልገው ይሻላል» ብሎኝ ነበር። ቀጥተኛውን መረጥሁ፤ የሚያስፈልገው ሰውም እኔ ሆንሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሌሎች ሠርግ፣ ልጅ፣ የመዘምራን ልምምድ ነበራቸው። እኔ ሎጉ ነበረኝ። ቅጂው እስኪያልቅ በመስኮት የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አያለሁ፤ ስልክ አይጠራም። አሠራሩን ላስተምር ሁለት ጊዜ ማስታወቂያ ለጠፍሁ፤ አንድም ሰው አልመጣም። በግምገማ ላይ ግን «ሥራ ደብቃ ትይዛለች» ተባልሁ።

ከዚያ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ መጣ። ሠራተኛው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ በ«ማ» የሚጀምሩትን አምስት መመሪያዎች ይሸመድድ ጀመር። የመጀመሪያው ማጣራት ነው፦ ማንም የማይጠቀምበት ነገር ቀይ ካርድ ተለጥፎበት ይወጣል። የቡድናችን መሪ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር፤ የሚያወጣው ስብርባሪ ወንበር ሲያልቅበት ወደ ሰርቨሩ ገባ። ሐሙስ ጠዋት እየሳቀ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«ዶክተር፣ ሰርቨሩን አጣራሁልዎ። አንዱ ዲስክ ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል።»

«ምን አወጣህ?»

«ሎጉን ነዋ። ማንም ከፍቶት አያውቅም። አሁን የሚጻፍበትን አንዱን ትቻለሁ፤ ያን ያህል ጨካኝ አይደለሁም።»

«ሎግ የሚከፈተው ዲስክ የተበላሸ ቀን ነው።»

«እሳት ማጥፊያውም ላይ ቀይ ካርድ ለጥፈውበት ነበር፤ ካርዱን ያስነሣሁት እኔ ነኝ» አለና ሄደ።

ከቅዳሜ ወዲህ የተጻፈው ጠፍቷል ማለት ነው። አዲስ ሙሉ ቅጂ ከተነሣ ግን ጉዳት አይኖርም። ወዲያው ጀመርሁ። ቅጂው ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተነሣ። ሰርቨሩ ሲመለስ ወረፋው የተቀመጠበት ዲስክ ሞቶ ነበር። የሎጉ ዲስክ ደኅና ነበር፤ በውስጡ ግን ያቺ አንድ ፋይል ብቻ ነበረች።

ወረፋውን ከቅዳሜው ቅጂ መለስሁት። ከዚያ ወዲህ ሳይላክ ተጠራቅሞ የጠፋው የአንድ ክሊኒክ ውጤት ነበር፤ ክሊኒኩ በእንጦጦ ግርጌ ነው፣ መስመሩን እሑድ ዕለት የመንገድ ቆፋሪዎች በጥሰውታል። ማሽኖቻችን ደግሞ አንዴ የላኩትን ውጤት አያስቀምጡም፤ የተመረመረው ደምም ተጥሏል። ወደ ክሊኒኩ ደወልሁ።

«እንደገና ይወጉ ነው የምትዪኝ?» አለች ነርሷ። «ከላይ ከእንጦጦ በእግራቸው እየወረዱ የሚመላለሱ እናት አሉ። እዚሁ ተቀምጠዋል፤ አንቺው ንገሪያቸው።»

ስልኩን ሰጠቻቸው። ነገርኋቸው።

«ደሜ ጠፋ?»

«ውጤቱ ነው የጠፋው፣ እናቴ።»

«ታዲያ ደሜን ለምን ወሰዳችሁት?»

ሴትዮዋ ስልኩን ሳይዘጉ ለነርሷ መለሱላት፤ እጅጌያቸውን እንዲሰበስቡ ስትነግራቸው ሰማሁ።

በግምገማው የቡድን መሪው ሳያማክር በመሥራቱ ግለ ሂስ አደረገ፤ ተጨበጨበለት። ጥፋቱ በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ አሠራር ነው ተባለ፤ ሰርቨሩም ወደ ክብ ሎግ እንዲዞር ተወሰነ። ዲስክ ዳግም ቢሞት ክቡ ከዚህ የባሰ እንደሚያጠፋ አስረዳሁ። የጠየቀ አልነበረም። ለውጡን የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ እኔው ሠራሁት፤ ከምሳ በፊት አለቀ።

«እንግዲህ ቅዳሜን ያርፋሉ፣ ዶክተር» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ከልቡ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ወረድሁ። ሩብ ኪሎ ሽንኩርት ጠየቅሁ።

«ለሩብ ኪሎማ ሚዛን አላነሣም፣ እትዬ» አለች ሻጯ። «ቤት ውስጥ ሰው የለም እንዴ?»

«ግማሽ አድርጊው።»

መዘነችልኝ፤ ከላይም አንድ ራስ መረቀችልኝ። ለአንድ ሰው ብዙ ነው። የተረፈው ሽንኩርት ወጥ ቤቴ ውስጥ በቀለ።