የኦቲሊያ ቋጠሮ

ኦቲሊያ ስፌት የለመደችው የጀልባ ሸራ ከሚጠግን አባቷ ነው፤ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ፣ ላ ዩኒዮን በምትባል የወደብ ከተማ። አባትየው ቶሎ ሞተ። እናትየው፣ እማማ ቶማሳ፣ ዓሣ ልትሸጥ ስትወጣ ታናሽ ወንድሟን ሰርቫንዶን አዝላ ያሳደገችው ኦቲሊያ ናት። በኋላ ክሩዝ የሚባል የሆንዱራስ ሾፌር አግብታ ወደ አገሩ ዋና ከተማ ወደ ቴጉሲጋልፓ ስትሄድ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ሰርቫንዶ አውቶቡሱን እያለቀሰ ተከትሎ ሮጧል። ያንን ሩጫ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳታስበው የዋለችበት ቀን የለም።

ክሩዝ ሲሞትባት የሆንዱራስ አየር ኃይል ልብስ ሳይሆን አውሮፕላን ሰፊ አድርጎ ቀጠራት። አውሮፕላን በመርፌ ይሰፋል እንዴ የሚል አይጠፋም። ይሰፋል። እነዚያ አሜሪካኖች ጃፓንን የተዋጉባቸው፣ ክንፋቸው እንደ ክርን የታጠፈ፣ ኮርሴር የሚባሉ አሮጌ ተዋጊ አውሮፕላኖች ገላቸው ብረት ቢሆንም የጭራቸው መቅዘፊያ ሸራ ለባሽ ነው። ሸራው ተወጥሮ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል፣ በየሁለት ጣቱ ይቋጠራል፣ ከዚያ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት ፈሳሽ ይቀባል። አንዱ ቋጠሮ ከላላ ነፋስ ገብቶ የጭራውን ሸራ አየር ላይ ይገፍፈዋል። የኦቲሊያ ቋጠሮ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ላልቶ አያውቅም።

ትኮራበት ነበር፤ ለምን አትኮራ? ሁለቱ አገሮች ነፃነታቸውን የሚያከብሩት በአንድ ቀን፣ በመስከረም ነው፤ በዚያን ቀን አውሮፕላኖቹ ሁለቱን አገሮች በሚያዋስነው ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲያልፉ ከላ ዩኒዮን ይታያሉ። እናም ለወንድሟ ጻፈችለት። «ክንፈ ቆልማማውን ካየህ ጭራው የእኔ እጅ ነው። እኔን እንዳየህ ቁጠረውና ባርኔጣህን አውለብልብልኝ።» ሰርቫንዶ በወደቡ የነዳጅ ጋኖች ዘበኛ ሆኖ ነበር። በየዓመቱ «ዘንድሮም አውለብልቤያለሁ፤ ዞር ብለሽ አላየሽኝም እንጂ» እያለ ይመልስላታል።

እንደ ፈረንጆቹ በ1969፣ በሐምሌ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት መጣ። ሰው ሁሉ በእግር ኳስ ተጣሉ ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ኳሱ ክብሪት ነው፤ እንጨቱን የከመሩት መሬት የጠገቡ ሰዎች ናቸው፣ የነደደው ግን መሬት የሌለው ነው። የኦቲሊያ ጎረቤቶች፣ ልብሳቸውን በነፃ ስትጠግን የኖረችላቸው፣ በሯ ላይ ቆመው «ጓናኮዋ ትውጣልን» አሉ። የሳልቫዶር ሰው መሰደቢያው ይህ ነው። የጥገናው አለቃ ሳጅን ፊደንሲዮ መኪና ይዞ ደረሰላት።

«እትዬ ኦቲሊያ፣ ከዛሬ ጀምሮ አውሮፕላኖቹ ዘንድ ይደሩ። ከግቢው ከወጡ እኔ አላድንዎትም።»

መርፌዋ አተረፈቻት። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አብራሪው መቶ አለቃ ሉሲዮ የአውሮፕላኑ ጭራ ተቦጫጭቆ ተመለሰ። የሠርግ ሸሚዙን የሰፋችለት ልጅ ነው።

«ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» አላት።

«ቀለሙ እስኪደርቅ ሦስት። ምን አስቸኮለህ?»

«ወደ ላ ዩኒዮን ወደብ ነን። የነዳጅ ጋኖቹን ልንመታ ነው።»

ካለ በኋላ የየት አገር ሰው እንደሆነች ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሰፋች። የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ይቺን አንዷን ብትተዋት የሚያውቅ አልነበረም፤ ሉሲዮ ባሕር ውስጥ ይወድቃል፣ ሰርቫንዶ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። ክሩን ይዛ ብዙ ቆየች። ሉሲዮም የሰው ልጅ ነው፣ የሚጠብቀው አለ። ቋጠሮውን አጠበቀችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ከዚያ ጭራው ሥር ጠራችው።

«ልጄ፣ ወንድሜ እዚያ ዘበኛ ነው። ከእናቴ ሌላ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ትእዛዝ ነው።»

«ተው አላልኩህም። መጀመሪያ ሳትተኩስ ዝቅ ብለህ እለፍ፣ ይዩህና ይሽሹ። ከዚያ ተመልሰህ የታዘዝከውን አድርግ።»

«ስመለስ መትረየስ አነጣጥረው ነው የሚጠብቁኝ።»

«አውቃለሁ። እኔም ቋጠሮህን አጥብቄልሃለሁ።»

ሉሲዮ ጭራውን አየ፣ እሷን አየ። ምን እንዳለችው ገባው። «እሺ፣ አንዴ አልፋለሁ። እናቴ ትሙት» አለ።

ከሰዓት በኋላ ክንፉ አራት ቦታ ተበስቶ መጣ። ገና ከመውረዱ «አለፍኩ፣ እትዬ። ሲሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ» አላት። እጁን ሳመችው። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቄላና ቂጣ ቀመሰች።

ጦርነቱ በአራት ቀን አበቃ። ከዚያ ወዲህ ባለ ፕሮፔለር ተዋጊ አውሮፕላኖች በዓለም ላይ እርስ በርስ ተዋግተው አያውቁም ይባላል። ይባል። ጦርነቱ ሲያበቃ የሚሰፋ ጭራ ስላልነበረ፣ ኦቲሊያን ከሌሎች የሳልቫዶር ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ጭነው ድንበር ላይ አወረዷት። ሳጅን ፊደንሲዮ ሊሰናበታት መጥቶ የገዛ ጫማውን ሲያይ ቆየ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ሰርቫንዶ አለ፤ ይቀበለኛል ብላለች።

በሩን የከፈተችላት እማማ ቶማሳ ናት፣ ጥቁር ለብሳ።

«አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሲያልፍ ሁሉም ሮጠው ተረፉ» አለች እናትየው፣ አስቀምጣት። «እሱን ጓደኛው ክንዱን ይዞ ጎትቶት ነበር አሉ። ‹ልቀቀኝ፣ ይሄ የእህቴ ነው፣ እኛን አይነካም› አለው። ባርኔጣውን አውልቆ ጋኑ ሥር ሲያውለበልብ አውሮፕላኑ ዞሮ መጣና መታው።»

ኦቲሊያ የያዘችውን ጥቅልል መሬት ላይ አኖረች።

«እንደው ልጄ፣ ስፌትሽ ከዚያን ያህል ርቀት ያስታውቃል?»

«አያስታውቅም፣ እማዬ። አውለብልብልኝ ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ።»

እናትየው ዕድሜ ልኳን አልወቀሰቻትም፤ እሱ ነው የባሰው። ኦቲሊያ ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ዓሣ እየሸጠች ኖረች። መርፌ አልያዘችም። ቁልፍ ሲበጠስባት ለጎረቤት ትሰጥና፣ ዓይኔ ደክሟል ትል ነበር።