የተማሪዬ መግቢያና የእኔ ባሕር ዛፍ

ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የዛሬው ትምህርት የድርሰት መግቢያ አጻጻፍ ነበር፤ ርእሱ «የአካባቢያችን ችግር»። «የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ይያዘው፤ ችግሩም በግልጽ ይነገር» አልኳቸው።

ይታይሽ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ተነሥታ አነበበች፦

«እኔና እናቴ ውኃ የምንቀዳበት ምንጭ ዘንድሮ ደረቀ። ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ የመምህራችን ነው። በዚህ ድርሰት ባሕር ዛፍ ውኃችንን እንዴት እንደጨረሰብን እገልጻለሁ።»

(ያልኩትን ሁሉ አሟልታለች፤ የማርምባት አጣሁ!)

«ታዲያ አሁን ከየት ትቀዳላችሁ?» አልኳት።

«ከወንዝ ነው መምህር። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የማረፍደውም ለዚያ ነው።»

አረፈድሽ ብዬ ስንት ቀን ከበር እንደመለስኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከክፍል እንደወጣሁ ወደ ምንጩ ሄድኩ። ጭቃ እንኳ አልቀረውም። እዚያው ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩና ዛፉን ከነሥሩ እንደማስነቅለው ነገርኳት።

እናንተስ መምህራን፣ ተማሪ ፊት ለፊት እውነቱን ነግሯችሁ መግቢያ ጠፍቷችሁ ያውቃል? እስኪ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።